የፆታ ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት፦ በስንት ዓመት፣ ምን፣ በማን ይሰጥ?

የሰባተኛ ክፍል እናት (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፆታ ትምህርት ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ "ይሰጥ" እና "አይሰጥ" ላይ ተጣልተን እንበተናለን። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች "እሱማ አለ፣ እንሰጣለን" ይላሉ። ግን ምን ይሰጣሉ? በየትኛው ክፍል? ስንት ክፍለ ጊዜ? ማን ነው የሚያስተምረው? ልጁ ሲጨርስ ምን ማወቅ አለበት ተብሎ የተጻፈ ነገር አለ ወይ?

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷን ስጠይቅ "ባዮሎጂ ውስጥ ተካቷል" አሉኝ። መጽሐፉን ገልጬ አየሁት። የማሕፀን ሥዕል አለ፤ ክፍሎቹ በቀስት ተሰይመዋል። ስለ ወር አበባ አንድ አንቀጽ አለ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ዕፅዋት ይሄዳል። የምታምኚው ሰው ሰውነትሽን ቢነካሽ ለማን ትነግሪያለሽ የሚል ነገር የለም። ስልክ ላይ "ፎቶሽን ላኪ" እያለ ስለሚጨቀጭቅ ሰው የለም። ወንዶቹ ስለ ገዛ ሰውነታቸው የሚያነቡት ከሁለት መስመር አይበልጥም። ልጄ ይህን ምዕራፍ ተምራ አሥር ከአሥር ልታመጣ ትችላለች፤ ነገ አንድ ነገር ቢገጥማት ግን ምንም አይፈይድላትም።

የኔ አቋም ይኸው ነው። በዕድሜ የተከፋፈለ፣ ወላጅ ቁጭ ብሎ ሊያነበው የሚችል፣ በጽሑፍ የሰፈረ መስፈርት ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ሁሉም ነገር በመምህሩ ድፍረት ላይ ይወድቃል። ደፋር መምህር የደረሰው ልጅ ያውቃል፣ ዓይን አፋር የደረሰው ባዶ እጁን ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ለዕድል መተው የለበትም።

መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ወላጆች፣ የምትቃወሙም ጭምር፣ እስኪ የምታውቁትን አካፍሉን።

መልስ 1 | መምህር ባዮ

እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ምዕራፉ ይዘለላል። አንዳንዱ ባልደረባዬ "ይህን ቤታችሁ አንብቡት" ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ሴቶቹን ለብቻ አስቀምጦ ስለ ወር አበባ ይነግራቸዋል፣ ወንዶቹን ኳስ ሜዳ ይልካል። ወንዶቹ ታዲያ የሚገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሴቶቹ የተነገረ ምስጢር አለ። በማግስቱ የአንዷ ቀሚስ ደም ሲነካው የሚስቁት እነሱ ናቸው። ማን አስተማራቸውና?

መምህሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ምን ድረስ መናገር እንደሚፈቀድለት የሚነግረው ወረቀት የለውም። አንድ ወላጅ ተቆጥቶ ቢመጣ አለቃው ከጎኑ ይቁም አይቁም አያውቅም። ስለዚህ መስፈርቱ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለመምህሩም መከታ ነው። "ይህን ያስተማርኩት በዚህ ገጽ ላይ ስለተጻፈ ነው" ማለት ሲችል ድምፁ ራሱ ይስተካከላል።

እኔ የጥያቄ ሳጥን አለኝ። ተራ ካርቶን ነው፣ ላዩ ላይ ቀዳዳ አለው። ሁሉም ተማሪ ወረቀት ይወስዳል፤ ጥያቄ የሌለው "ጥያቄ የለኝም" ብሎ ይጽፋል። ሁሉም እኩል ስለሚጽፍ የጠየቀውን ከዝምተኛው የሚለይ የለም። ከሳጥኑ የሚወጣው እንዲህ ዓይነት ነው፦ "በመሳሳም ይረገዛል?" "የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አይረገዝም የሚሉት እውነት ነው?" "አንዱ ጡቴ ከሌላው ያንሳል፣ በሽታ ነው?" "ሌሊት ረጥቤ እነሳለሁ፣ ለማን ልንገር?" አብዛኛው ጥያቄ ፍርሃት ነው፣ ብልግና አይደለም። በሁለት ደቂቃ መልስ የሚያልቅ፣ ካልተመለሰ ግን ልጁን ለወራት የሚያስጨንቅ ፍርሃት።

አንድ ጊዜ ደግሞ "አጎቴ ማታ ማታ ክፍሌ ይገባል" የሚል ወጣ። ስም የለውም። ይህን ያነበበ መምህር ምን ያድርግ? ለማን ያመልክት? እስከ መቼ? የሚመራኝ ነገር ስላልነበረ በራሴ መንገድ ሄድኩ። ለመላው ክፍል ስለ እንዲህ ያለ ነገር ተናገርኩ፣ ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ ነገርኳቸው፣ ማንን በየትኛው ቢሮ ማግኘት እንደሚቻል ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ልጅቷ ራሷ መጣች። ባትመጣስ ኖሮ? መስፈርቱ ውስጥ መጀመሪያ መግባት ያለበት ይሄ ይመስለኛል።

መልስ 2 | ጠበቅ ያለ አባት

የተለየ ሐሳብ ስላለኝ በትዕግሥት ብታነቡኝ ደስ ይለኛል። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። መምህር የጻፉት የመጨረሻው ነገር ልቤን ነክቶታል፣ ማንም ወላጅ እንዲህ ያለውን አይቃወምም።

ሥጋቴ ሌላ ነው። ልጅ ያላሰበውን ማሳሰብ ይኖራል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ስለ ግንኙነት ማውራት ምን ይጠቅመዋል? ሁለተኛ፣ ይህ ጉዳይ ከሥነ ምግባርና ከእምነት ጋር የተሳሰረ ነው። ሒሳብ በሁሉም ቤት አንድ ነው፣ ይሄ አይደለም። ልጄን እንዴት እንደማሳድግ የማላውቀው መምህር በማላውቀው ወረቀት እንዲወስንልኝ አልፈልግም። ሦስተኛ፣ "ዓለም አቀፍ መስፈርት" የሚባለውን ማን ጻፈው? ማንስ ጠየቀን? የኔ ልጆች እስኪደርሱ ድረስ መታቀብን ቢማሩ በቂ ነው ባይ ነኝ።

መልስ 3 | ቁጥር ወዳድ

ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ የማውቀውን ላስቀምጥ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዓለም አቀፍ የሚባለውን መመሪያ መጀመሪያ ዩኔስኮ በ2009 አወጣው፣ በ2018 ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር ሆኖ አሻሻለው። አስገዳጅ አይደለም። ምክር ነው፣ አገሮች የሚስማማቸውን ወስደው የራሳቸውን ይጽፋሉ። ትምህርቱን በስምንት ዋና ዋና ርእሶች ይከፍለዋል፤ ስለ ሰው ለሰው ግንኙነት አለ፣ ስለ እሴትና ባህል አለ፣ ራስን ከጥቃት ስለ መጠበቅ አለ፣ ስለ ሰውነት ዕድገት አለ። ዕድሜውን ደግሞ ከ5 እስከ 8፣ ከ9 እስከ 12፣ ከ12 እስከ 15፣ ከ15 እስከ 18 እና ከዚያ በላይ ብሎ ይመድባል። ለትንሾቹ ያለው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ሰውነት ክፍሎች፣ ደስ የማይል ንክኪ ሲያጋጥም ለትልቅ ሰው ስለ መናገር የመሳሰለው ነው። ስለ እርግዝና መከላከያ አጠቃቀምና ስለ አባላዘር በሽታ በዝርዝር የሚነገረው ከፍ ሲሉ ነው።

"ያላሰቡትን ያሳስባል" ለሚለው፣ የመመሪያው አዘጋጆች የገመገሟቸው ጥናቶች ሲጠቃለሉ ትምህርቱ ወሲብ መጀመርን እንደማያፋጥን ነው የሚያሳዩት። ይህ ክርክር በጥናት ከተፈተኑት አንዱ ነው።

መታቀብ ብቻ የሚለውም ተሞክሯል። አሜሪካ በ1996 ባወጣችው ሕግ ለዚህ ብቻ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር መደበች። በኋላ መንግሥት ራሱ ያስጠናው ጥናት በ2007 ወጣ። ከ2,000 በላይ ወጣቶችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ፕሮግራሙን የተማሩትና ያልተማሩት ልዩነት አልነበራቸውም። ወሲብ የጀመሩበት አማካይ ዕድሜ እንኳ አንድ ነበር። መታቀብን ማስተማር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ በሙሉው ትምህርት ውስጥም አለ። ብቻውን ሲሆን ነው አልሠራም የተባለው።

ግን ለእውነት ሲባል ሌላውንም ልጻፍ። በ2016 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ ከ55,000 በላይ ወጣቶች የተሳተፉባቸውን ስምንት ጥናቶች አንድ ላይ አይቶ፣ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ብቻውን የኤች አይ ቪን፣ የሌሎች አባላዘር በሽታዎችንና የእርግዝናን ቁጥር እንደቀነሰ ማስረጃ አላገኘም። ለውጥ ሊያመጣ ይችላል ያለው ወጣቶች ትምህርት ቤት እንዲቆዩ የሚደግፉ ፕሮግራሞችን ነው።

መልስ 4 | ጠበቅ ያለ አባት

እንግዲህ አንተው ተናገርከው። ካልሠራ ለምንድን ነው የምንጨቃጨቀው?

መልስ 5 | ቁጥር ወዳድ

"ብቻውን" የምትለዋን ቃል አትለፋት። ልጅቷ ስለ መከላከያ ተምራ መከላከያው ያለበት ቦታ ሁሉ ፊት ካዞረባት፣ ወይ ጭራሽ ትምህርቷን አቋርጣ ከሆነ፣ የክፍሉ ትምህርት ብቻውን አያድናትም። እኔ ከዚያ ግምገማ የምወስደው፣ ትምህርቱ ከጤና አገልግሎት ጋር ይያያዝ የሚለውን ነው። ደግሞ ግምገማው የለካው በሽታንና እርግዝናን ነው። መምህር ባዮ የነገሩን ልጅ ጉዳይ በዚያ ሚዛን ላይ የለም።

መልስ 6 | ነርሷ

ከጤና በኩል ልጨምር። መጀመሪያ ስለ ዕድሜ። ጉርምስና ሴቶች ላይ ከ8 እስከ 13 ዓመት፣ ወንዶች ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የመጀመሪያው የወር አበባ በብዛት ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አካባቢ ቆይቶ ይመጣል። ስለዚህ ስለ ወር አበባ ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚያስተምር ሥርዓተ ትምህርት ዘግይቷል። ደሙን ስታይ "ተጎዳሁ፣ ልሞት ነው" ብላ የምትመጣ ልጅ አጋጥማኛለች። እያለቀሰች ነው የመጣችው። የውስጥ ልብሷን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሞዴስ እንዴት እንደሚደረግ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚቀየር አሳየኋት። ከአምስተኛ ክፍል በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ ይሄ ሁሉ ድንጋጤ አይኖርም ነበር።

ለትልልቆቹ ደግሞ ትምህርቱ ተግባራዊ ይሁን። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል፣ እንቁላል ግን አንድ ቀን እንኳ ላይሞላት ይችላል። ይህን ያላወቀች ልጅ ነች "ቀኔ አይደለም" ብላ የምትተማመነው። ኮንዶም ሁልጊዜ በትክክል ሲደረግ እርግዝናን በመከላከል 98 ከመቶ ይሠራል፣ በተለመደው አጠቃቀም ግን ወደ 87 ከመቶ ይወርዳል። በመሐል ያለው ልዩነት የአጠቃቀም ነው፣ የዕውቀት ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ሁሉም ተማሪ አውቆ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ተገዶ የተደፈረ ሰው የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ቶሎ ሲሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ እሱም በቶሎ ሲወሰድ ይመረጣል። ልጆች አፍረው ሳምንት ቆይተው ይመጣሉ፣ ያኔ እጃችን አጭር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር ስለሚያመጣው ቫይረስ፣ ስለ ኤች ፒ ቪ፣ ክትባትም ወላጆች ይወቁት። የዓለም ጤና ድርጅት በዋናነት ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ሴት ልጆች የሚመክረው ወሲብ ከመጀመራቸው በፊት ስለሚሻል ነው። ክትባቱ ካንሰሩን ለመከላከል ነው። ልጅን ስታስከትቡ "ለምንድን ነው?" ብትል በእውነት ብትመልሱላት ጥሩ ነው።

መልስ 7 | ገና ተማሪ

አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ ወንድ ነኝ። ትልልቆች ስታወሩ ሳይ አንድ ነገር ልበል ብዬ ነው።

"ያላሰቡትን ማሳሰብ" የምትሉት አልፎበታል። አብዛኛው ጓደኛዬ የወሲብ ፊልም መጀመሪያ ያየው ራሱ ፈልጎ አይደለም፣ ሰው ልኮለት ወይም ሌላ ነገር ሲፈልግ ድንገት መጥቶበት ነው። እዚያ ውስጥ ማንም ማንንም "እሺ ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ኮንዶም የለም። ሴቶቹ ሲያማቸውም ደስ ያላቸው አስመስለው ነው የሚያሳዩት። ከዚያ ሌላ ነገር ያላየ ልጅ እውነት ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ክፍላችን ውስጥ የአንዲት ልጅ ፎቶ ስልክ ለስልክ ዞሮ ነበር። ለቅርብ ጓደኛዋ የላከችው ነው። ወንዶቹ እየሳቁ ያስተላልፉት ነበር። ማስተላለፍ ራሱ ጥቃት መሆኑን የነገረን አልነበረም፣ ፎቶው ስልኩ ላይ የገባበት ልጅ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅም አልነበረም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ቀየረች። ፎቶውን ያስተላለፉት እዚያው አሉ። መስፈርቱን የምትጽፉ ከሆነ ስልክን አትርሱት፣ በጣም ነው የምለምናችሁ።

መልስ 8 | የሰባተኛ ክፍል እናት

ልጄ፣ ስለጻፍክ እግዚአብሔር ይስጥህ። ይህን ነው ከእናንተ መስማት የምንፈልገው።

ጠበቅ ያለ አባት፣ ስለ ወላጅ መብት ያልከውን እኔም እደግፋለሁ። "ልጄ ምን እየተማረ ነው" የማለት መብት ከሌለኝ መስፈርቱም ለኔ አይደለም። ግን ይህ ሌላ ቦታ መፍትሔ የተፈለገለት ነገር ነው። እንግሊዝ ከመስከረም 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለ ጤናማ የሰው ለሰው ግንኙነት የሚሰጠውን ትምህርት በአንደኛ ደረጃ፣ የፆታ ትምህርቱን ጨምሮ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ግዴታ አድርጋለች። ወላጅ ልጁን ከፆታ ትምህርቱ ሊያስቀር ይችላል፣ ስለ ሰው ለሰው ግንኙነትና ስለ ደኅንነት ከሚሰጠው ግን አይችልም። ልጁ 16 ዓመት ሊሞላው ሦስት የትምህርት ወቅት ሲቀረው ደግሞ ልጁ ራሱ "እማራለሁ" ማለት ይችላል። እኔ ይህ ድንበር ልክ ነው እላለሁ። ራስን መከላከል ለሁሉም፣ የቀረው ላይ ወላጅ ድምፅ ይኑረው፣ ልጁ ሲደርስ ደግሞ እሱም ይሰማ።

ካሊፎርኒያ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግም ወላጅ ማስተማሪያውን ቀድሞ የማየትና በጽሑፍ ልጁን የማስቀረት መብት ይሰጠዋል። ቴክሳስ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በተቃራኒው ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ ልጁ አይማርም የሚል ሕግ አወጣች። ሁለቱ የሚመሳሰሉ ይመስላሉ፣ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። በሁለተኛው ሕግ የፈቃድ ቅጹ ቦርሳ ውስጥ የቀረበት ልጅ፣ ወላጁ ማንበብ የማይችል ልጅ፣ ቤቱ ውስጥ የሚበድለው ሰው ያለበት ልጅ ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል። የመጨረሻውን አስቡት። ፈራሚው በዳዩ ሊሆን ይችላል።

መልስ 9 | ምክትል ርእሰ መምህርት

በአስተዳደር በኩል ያለውን ልንገራችሁ። አንድ ትምህርት ቤት "አለ" የሚለው በዓመት አንድ ቀን እንግዳ ጠርቶ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት ስላስወራ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዓት፣ ማይክራፎኑ እየጮኸ፣ ከኋላ ያሉት ሳይሰሙ። ከዚያ ሪፖርት ላይ ምልክት ይደረጋል። ይህ ትምህርት አይደለም፣ ተማሪ እጁን አውጥቶ የማይጠይቅበት ነገር ነው።

መስፈርት ስትጽፉ ሰዓቱን ጻፉት። በየትኛው የትምህርት ዓይነት ሥር፣ በሳምንት ወይም በወሰነ ትምህርት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሆነ ካልተቆረጠ የፈተና ትምህርቶች ይውጡታል። የመምህር ሥልጠናውንም ጻፉት። ስዊድን ይህን ትምህርት ግዴታ ያደረገችው በ1955 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ እንዲያም ሆኖ ወደፊት መምህር የሚሆኑ ሰዎች በሥልጠናቸው ውስጥ እንዲማሩት ለማድረግ ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቶባታል። ሕጉን ማውጣት ቀላሉ ክፍል ነው።

ሌላው ቦታው ነው። ልጅቷ ስለ ወር አበባ ተምራ፣ መፀዳጃ ቤቱ በር የማይቆለፍ ከሆነ፣ ውኃ ከሌለው፣ ያገለገለ ሞዴስ የሚጣልበት ክዳን ያለው ዕቃ ከሌለ፣ ያስተማርናት ምኑ ላይ ታውለዋለች? እኔ ለዚህ ነው ሁልጊዜ የምከራከረው።

መልስ 10 | የተረሱት እናት

ይቅርታ አርፍጄ ነው ያየሁት። ልጄ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት፣ 14 ዓመቱ ነው። ሰውነቱ እንደ እኩዮቹ እያደገ ነው። እስካሁን በዚህ ክር ስለሱ ዓይነት ልጆች አንድ ሰው አላነሳም፣ ትምህርት ቤትም አያነሳም። "እነሱ ምን ይገባቸዋል" ይባላል። ወይ "እንዲህ ያለ ነገር አያስቡም" ይባላል። ያስባሉ። ደግሞ ዋናው ጉዳይ ይሄ አይደለም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ግምገማ፣ አካል ጉዳተኛ ልጆች ለወሲብ ጥቃት ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎቹ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ፣ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ደግሞ ከዚያም እንደሚብስ አሳይቷል።

ልጄ መታጠብም ልብስ መቀየርም የሰው እጅ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ይነካዋል። ታዲያ የቱ ንክኪ ለእርዳታ እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ እንዴት ይለይ? እቤት በሥዕል ነው ያስተማርኩት። የሰው ሥዕል ወረቀት ላይ ሠርቼ የዋና ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ በቀይ ቀባሁት፤ "እዚህ ጋ የሚነካህ እናት ስታጥብህና ሐኪም እናት ባለችበት ሲያይህ ብቻ ነው" አልኩት። ደጋግሜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቃል። አሁን ራሱ ወረቀቱን እያመለከተ ይነግረኛል። ይገባቸዋል። ቀስ ብሎ የሚያስተምር ነው የጠፋው። ለማየትና ለመስማት ለተሳናቸውም እንዲሁ መስፈርቱ የየራሳቸውን መንገድ ይጻፍላቸው።

መልስ 11 | አወያይ

ከዚህ በላይ የነበሩ ሁለት መልሶች ተነሥተዋል። ሐሳብ መቃወም ይቻላል፣ ወላጅን መሳደብና ተማሪውን ማሸማቀቅ አይቻልም። ማንም ሰው የልጅ ስምም የትምህርት ቤት ስምም እዚህ እንዳይጽፍ።

መልስ 12 | ጠበቅ ያለ አባት

ሁሉንም አነበብኩ። ስለ ንክኪው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ወር አበባው፣ ስለ 72 ሰዓቱ የምቃወመው ነገር የለኝም። እንዲያውም ይህ ክፍል ወላጅ ፈቀደም አልፈቀደም ይሰጥ። የመጨረሻዋን እናት ሳነብ ባለቤቴን ጠርቼ አስነበብኳት።

ያልተስማማሁበት ግን አለ፣ ተስማማሁ ብዬ አልዋሽም። የኮንዶም አጠቃቀም በክፍል ውስጥ ለ13 ዓመት ልጅ ሲታይ ለኔ "ይቻላል" የሚል መልእክት ነው። ጥናቱ አያፋጥንም ይበል፣ እኔ የማስበው ስለ አማካይ ልጅ አይደለም፣ ስለ ልጄ ነው። ይህን ክፍል ቢያንስ ለትልልቆቹ ይተዉት። ደግሞ መምህሩ "ቤትህ የሚሉህ ስሕተት ነው" የማለት ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ይጻፍ።

መልስ 13 | መምህር ባዮ

ወንድሜ፣ የመጨረሻው ነጥብህ ትክክል ነው፣ እኔም እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ከሳጥኑ "ከጋብቻ በፊት ኃጢአት ነው?" የሚል ጥያቄ ሲወጣ የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "በዚህ ላይ ቤተሰቦች የተለያየ እምነት አላቸው፤ ይህን ከወላጅህ ወይም ከሃይማኖት አባትህ ጋር ተነጋገር። እኔ የምነግርህ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሕጉ ምን እንደሚል ነው።" በዚህ ተቆጥቶ የመጣ ወላጅ አላየሁም።

ስለ ኮንዶሙ ግን አንስማማም። በኔ ልምድ ከሳጥኑ ስለሱ የሚጠይቁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው አይደለም። ቢሆንም መስፈርት ያስፈልጋል የምለው ለዚህም ነው። አንተና እኔ የማንስማማው በየትኛው ክፍል ይሰጥ በሚለው አንድ መስመር ላይ ከሆነ፣ መስመሩ ወረቀት ላይ ይቀመጥና እንከራከርበት። አሁን ግን ወረቀቱ ስለሌለ ሁሉም ሰው የሚፈራውን እያሰበ ነው የሚከራከረው።

ስለ ፈቃድ እንዴት እንደማስተምር አንዳንዶች በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኝ ነበር። ከወሲብ አልጀምርም። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አንዱ እስክሪብቶ ይዟል። ሌላው ይለምነዋል፤ የያዘው ደግሞ እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። ልመናው እያደገ ይሄዳል። መጀመሪያ "እባክህ"፣ ከዚያ "ጓደኛዬ አይደለህም?"፣ ከዚያ "ሁሉም ይሰጣል እኮ፣ አንተ ብቻ ነህ"፣ ከዚያ ቁጣ፣ ከዚያ ዝምታ። ክፍሉ ደረጃዎቹን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከዚያ "አሁን እስክሪብቶው ቢሰጥ ፈቅዶ ነው ማለት ይቻላል?" እላቸዋለሁ። ክርክሩ ደወል እስኪደወል አያልቅም። አንዲት ተማሪ ስትወጣ "ቲቸር፣ ስልኬ ላይ ያለው መልእክት በሙሉ እዚያ ሰሌዳ ላይ አለ" አለችኝ።

መልስ 14 | ነርሷ

ለአባትየው አንድ ቁጥር ብቻ። ዩኒሴፍ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት ዛሬ በሕይወት ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ከ370 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት፣ ከስምንት አንዷ ማለት ነው፣ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተደፍረዋል ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ወንዶች ልጆችም አሉበት፣ እነሱ ደግሞ ጭራሽ አይናገሩም። አብዛኛውን ጊዜ አድራጊው ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው። አንተ እንደ አባት ተስማምተህበታል፣ ተመስገን። ግን ብዙ ወላጅ ፆታ የሚለውን ሲሰማ ገጹን ሳይገልጥ ይዘጋዋል። እንዳንተ ያለ ሰው በስብሰባ ላይ ቢናገር ከኛ ይልቅ ይሰማል።

መልስ 15 | የሰባተኛ ክፍል እናት

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ የምጠይቀውን ከዚህ ክር ሰብስቤ ጽፌዋለሁ። ቢጎድል ጨምሩበት፣ የፈለገ ገልብጦ ለራሱ ትምህርት ቤት ይውሰደው።

ተማሪዎች በየክፍሉ ምን አውቀው መውጣት እንዳለባቸው የሚናገር ሰነድ አለ ወይ፣ ካለስ ወላጅ የት ያገኘዋል? ስለ ወር አበባና ስለ ጉርምስና የሚነገረው ሴቶቹ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ወንዶቹስ አብረው ይማራሉ? ልጅ ጥቃት ደርሶብኛል ቢል ተቀባዩ ማን ነው፣ ስሙና ቢሮው ለተማሪው ተነግሯል? መምህሩ በዚህ ላይ ሠልጥኗል? ስለ ስልክና ስለ ፎቶ የሚነገረው በየትኛው ክፍል ነው? ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆችስ ማን ምን አዘጋጀ? መፀዳጃ ቤቱ በር ይቆለፋል?

መልስ 16 | ጠበቅ ያለ አባት

አንድ ጨምሪበት እህቴ። ወላጅ ልጁን ከአንድ ክፍል ማስቀረት ቢፈልግ ከየትኛው ማስቀረት እንደሚችል፣ ከየትኛው እንደማይችል በግልጽ ተለይቶ ይጻፍልን። እኔም ወደ ልጆቼ ትምህርት ቤት ይዤው እሄዳለሁ። የኮንዶሙን ጉዳይም እዚያው አነሣዋለሁ።

መልስ 17 | የሰባተኛ ክፍል እናት

ጨምሬዋለሁ። ስድስተኛው ላይ ነው ያስገባሁት።

መልስ 18 | ገና ተማሪ

ተማሪስ በዚያ ስብሰባ ላይ መግባት ይችላል? እንደዚያ የሚል ጥያቄ የለም። እሱንም ጨምሩልኝ።